ከታታሚ የወረደን ሻምፒዮን ሕይወት በአማርኛ እንዴት እንጽፋለን?

ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ገና ሳይጀምር ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይቆየዋል። ማራቶን ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ሰዓት ማሻሻል ምን ማለት እንደሆነ፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ምን እንደሚከተል አንባቢው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ስላደገ ማብራሪያ አይጠይቅም። ታታሚ በሚባለው ምንጣፍ ላይ ስለሚፋለም የጁዶ ሻምፒዮን ስንጽፍ ግን ይህ የጋራ ዕውቀት የለንም። በዚህም የተነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ነገር በዚህ ዓመት ተወለደ፣ በዚያ ዓመት ወርቅ አገኘ፣ በዚያ ዓመት ከውድድር ተሰናበተ የሚል፣ ከሜዳሊያ ሰንጠረዥ የተገለበጠ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። ይህ መመሪያ ከዚያ የተሻለ ለመጻፍ ለሚፈልግ የስፖርት ጸሐፊ፣ ተማሪ ወይም የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት አዘጋጅ የቀረበ ነው።

ምሳሌ ያደረግሁት ኔዘርላንዳዊውን አንቶን ኼሲንክን ነው። እሱን የመረጥሁበት ምክንያት ታላቅ ተወዳዳሪ መሆኑ ብቻ አይደለም። ሕይወቱ የጁዶን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ አስቸጋሪ የሚያደርጉትን ነገሮች ሁሉ ማለትም የተለወጡ ሕጎችን፣ የተምታቱ ቁጥሮችን፣ አከራካሪ ማዕረግንና ከውድድር በኋላ የቀጠለ ረጅም የሥራ ዘመንን በአንድ ላይ ስለያዘ ነው። በየመሐሉ ሌሎች የአገሩን ሰዎች፣ ዊም ሩስካን፣ ማርክ ሃይዚንኻንና ኤዲት ቦስን፣ ለንጽጽር እጠቅሳለሁ። ከሁሉም በላይ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው፣ የአንድ ጁዶካ፣ ማለትም የጁዶ ተፋላሚ፣ ድል መመዘን ያለበት ድሉ በተገኘበት ዘመን በነበረው ሕግ እንጂ ዛሬ በቴሌቪዥን በምናየው ሕግ አለመሆኑን ነው።

ስምና ቀን

የመጀመሪያው ሥራ ስሙን በፊደላችን በትክክል ማስፈር ነው። ብዙ ጸሐፊዎች የሆላንድ ስሞችን በእንግሊዝኛ አነባበብ አልፈው ስለሚቀበሏቸው "ጊሲንክ" ብለው ይጽፋሉ። በሆላንድኛ የዚህ ስም የመጀመሪያ ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣ ነው፤ እንግሊዝኛ ይህ ድምፅ የለውም፣ እኛ ግን "ኸ" የሚል ፊደል ስላለን በቀላሉ "ኼሲንክ" ብለን ልንጽፈው እንችላለን። ፊደላችን የሚችለውን ድምፅ በሌላ ቋንቋ ድክመት ምክንያት መጣል አይገባም። የማርክ ሃይዚንኻም የመጨረሻ ቃና እንዲሁ ነው። የመረጥነውን አጻጻፍ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሳንለውጥ መጠቀም አለብን፤ አንዱ አንቀጽ ላይ "ኼሲንክ"፣ ሌላው ላይ "ጊሲንክ" የሚል ጽሑፍ አንባቢውን ስለ ሁለት ሰዎች የሚያነብ ያስመስለዋል።

ቀኑ ከስሙ ይበልጥ አሳሳች ነው። ኼሲንክ የተወለደው በኡትሬክት ከተማ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1934 ሲሆን፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 28 ቀን 1926 ዓ.ም. ነው፤ በሁለቱ ዓመቶች መካከል ያለው ልዩነት 8 ነው። የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮናነቱን በፓሪስ ያገኘው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1961 ሲሆን፣ ይህ ኅዳር 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ እዚህ ላይ ልዩነቱ 7 ብቻ ነው። ከሁሉም ዓመት ላይ በደፈናው 8 የሚቀንስ ጸሐፊ የፓሪሱን ድል አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ከዚያም ሰውየው በስንት ዓመቱ እንዳሸነፈ ሲያሰላ ስሕተቱ ይባዛል። ሌላው በጋዜጦቻችን ሳይቀር የተለመደው ችግር የፈረንጆቹን ኦክቶበር "ጥቅምት" ብሎ፣ "እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1964" እያሉ መጻፍ ነው። ይህ አጻጻፍ የአንዱን አቆጣጠር ወር ከሌላው አቆጣጠር ቀንና ዓመት ጋር ስለሚያጋባ በየትኛውም አቆጣጠር የሌለ ቀን ይፈጥራል። ወይ "ኦክቶበር 23 ቀን 1964" ማለት ነው፣ አለዚያም "ጥቅምት 13 ቀን 1957 ዓ.ም." ማለት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ዓመቶችን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እያስቀመጥሁ፣ ዋና ዋናዎቹን ቀኖች ወደ እኛ እመልሳለሁ።

ሜዳሊያውን ከመቁጠር በፊት ሕጉን ማወቅ

አሁን ወደ ውጤቶቹ እንመጣለን። የኼሲንክን ስም በየትኛውም መዝገብ ብንፈልግ 21 ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን፣ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ አንድ ጊዜ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሚል መስመር እናገኛለን። ይህንን መስመር እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ባይሆንም አንባቢው ወዲያው ሊያነሣ የሚገባው ጥያቄ አለ። የመጀመሪያውን የአውሮፓ ድል ያገኘው በ1952፣ የመጨረሻውን በ1967 ከሆነ፣ በመካከሉ ያሉት ዓመቶች ሁሉ ቢቆጠሩ እንኳ 16 ብቻ ናቸው፤ 21ዱ ድሎች ከየት መጡ? መልሱ በዘመኑ ሕግ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ የአውሮፓ ሻምፒዮናዎች ተወዳዳሪዎች ዛሬ እንደምናውቀው በክብደት ሳይሆን በቀበቶ ማዕረግ ይከፈሉ ነበር፤ ከዚያ በተጨማሪ ለሁሉም ክፍት የሆነ ውድድር ስለነበረ አንድ ሰው በአንድ ሻምፒዮና ላይ ከአንድ በላይ ድል ይዞ ሊመለስ ይችል ነበር። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር የጨመረ ጸሐፊ ቁጥሩን አላሳነሰም፤ እንዲታመን አደረገው እንጂ።

የዓለም ሻምፒዮናውም ማብራሪያ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ውድድሮች፣ የ1956ቱ እና የ1958ቱ በቶኪዮ፣ የ1961ዱ ደግሞ በፓሪስ፣ የክብደት ምድብ አልነበራቸውም። ይህ ማለት በየሻምፒዮናው አንድ ወርቅ ብቻ ነበረ ማለት ነው። ኼሲንክ በ1956 ሦስተኛ ወጥቶ ነበር፤ ያን ጊዜም ሆነ በ1958 የወርቅና የብር ሜዳሊያውን የወሰዱት ጃፓናውያን ናቸው። በ1961 ፓሪስ ላይ ግን ካሚናጋ አኪዮን ካሰናበተ በኋላ በፍጻሜው የ1958ቱን ሻምፒዮን ሶኔ ኮጂን አሸንፎ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ያልሆነ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዛሬ በአንድ ሻምፒዮና ላይ በወንዶች ብቻ ሰባት የክብደት ምድቦች ስላሉ ሰባት የዓለም ሻምፒዮኖች ይወጣሉ፤ በ1961 ግን የዓለም ሻምፒዮን ማለት አንድ ሰው ነበር። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ጸሐፊ ያለፈውን ዘመን ሰው ይበድላል፤ ወይም እንደ አጋጣሚው የዛሬውን ሰው ይበድላል፣ ምክንያቱም በ1961 የተሳታፊዎቹ ቁጥርና የአገሮቹ ብዛት ከዛሬው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

የክብደት ምድብ ለውጥ በኋለኞቹ ሻምፒዮኖችም ላይ ያሳስታል። ማርክ ሃይዚንኻ በ1996 በአትላንታ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው በ86 ኪሎ ግራም፣ በ2000 በሲድኒ ወርቅ ያገኘው ደግሞ በ90 ኪሎ ግራም ምድብ ነው። ይህንን ያየ ጸሐፊ "ክብደት ጨምሮ ወደ ላይኛው ምድብ አለፈ" ብሎ ለመጻፍ ይቸኩላል፤ ነገር ግን በሁለቱ ኦሊምፒኮች መካከል የተለወጡት ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የወሰናቸው ምድቦቹ ራሳቸው ናቸው፤ የ86 ኪሎ ግራም ምድብ ቀርቶ በ90 ተተክቷል። በሌላ በኩል በ1988 ሴኡል ላይ ኔዘርላንዳዊቷ አንጀሊክ ሴሪስ ያገኘችው ወርቅ ከኦሊምፒክ የሜዳሊያ ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ የሴቶች ጁዶ በዚያ ኦሊምፒክ የቀረበው ለትዕይንት ስለነበረና መደበኛ ውድድር የሆነው በ1992 በባርሴሎና ስለሆነ ነው። ይህን የማያብራራ ጽሑፍ ሜዳሊያውን ቢቆጥረውም ባይቆጥረውም ከሁለት አንዱ አንባቢ "ተሳስተሃል" ይለዋል።

የሩስካ ጉዳይ ደግሞ ባዶ ቦታን ማንበብ ያስተምራል። ዊም ሩስካ በ1967 የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ገና በ1972 በሙኒክ፣ 32 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። በመካከሉ ለምን ዘገየ? ጥያቄው ስለ ሩስካ ይመስላል፤ መልሱ ግን ስለ ጁዶ ነው፤ በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ጁዶ ጨርሶ አልተካተተም ነበር። ሩስካ ሙኒክ ላይ በከባድ ክብደትም፣ ክብደት በማይጠየቅበት በክፍት ምድብም ወርቅ አግኝቷል፤ በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት የግል ወርቅ ያገኘ ሌላ ጁዶካ የለም። የክፍት ምድቡን ፍጻሜ ያሸነፈውም ቀደም ብሎ በዚያው ምድብ በረታው በሶቪየቱ ቪታሊ ኩዝኔትሶቭ ላይ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው በዚያ ዘመን የተሸነፈ ሰው እንደገና ወደ ውድድሩ ተመልሶ እስከ ፍጻሜ የሚደርስበት የማካካሻ መንገድ ስለነበረ ነው። በዛሬው ሕግ ያ መንገድ ከነሐስ በላይ አያደርስም።

አንድን ግጥሚያ መርጦ በዝርዝር መጻፍ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ሃያ ድል በሃያ መስመር ከሚጻፍ አንድ ድል በሁለት ገጽ ቢጻፍ አንባቢው ሰውየውን ያውቀዋል። የኼሲንክን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ምርጫው አያከራክርም፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1964፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 13 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ የተካሄደው የክፍት ምድብ ፍጻሜ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ወደዚያ ቀን የሚያስገባ በር አለን፤ አበበ ቢቂላ በዚያው ከተማ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቁን ያገኘው ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 11 ቀን ነበር። ይህን መጥቀስ ማስዋቢያ አይደለም፤ አንባቢው በአእምሮው ባለው ሥዕል ላይ አዲሱን ሰው እንዲያስቀምጥ ያግዘዋል። ነገር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ ማለፍ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ጽሑፉ የአበበ ታሪክ ይሆናል።

ግጥሚያውን ከመተረክ በፊት አንባቢው ማወቅ ያለበት ምን እንደሆነ እናስቀምጥ። ጁዶን ካኖ ጂጎሮ በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን ማሠልጠኛ ከፍቶ የጀመረው ነው፤ ትልቁ ትምህርቱም ጉልበትን በጉልበት ከመግጠም ይልቅ የተቃራኒን ኃይል መጠቀም ነው። ስለዚህ በጃፓናውያኑ ዘንድ ትንሹ ሰው ትልቁን መጣሉ የጁዶ ማረጋገጫ ነበር። ስፖርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በገባበት በ1964 አራት ምድቦች ተዘጋጁ፤ እስከ 68፣ እስከ 80፣ ከ80 ኪሎ ግራም በላይ እና ክብደት የማይጠየቅበት ክፍት ምድብ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ናካታኒ ታኬሂዴ፣ ኦካኖ ኢሳኦና ኢኖኩማ ኢሳኦ ለጃፓን ወሰዷቸው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስረዳ የሚገባው፣ አስተናጋጇ አገር ከአራት ሦስቱን አሸንፋ ሳለ አራተኛውን ማጣቷ ለምን እንደ ብሔራዊ ሐዘን እንደተቆጠረ ነው። በክብደት የተከፈሉት ምድቦች ለብዙዎቹ ለውጭ ዓለም የተደረገ ስምምነት ነበሩ፤ እውነተኛው ጁዶ ሚዛን የማይጠየቅበት ክፍት ምድብ ነበር። ይህን ያልነገርነው አንባቢ ቡዶካን ውስጥ የነበረው ሕዝብ ለምን እንዳለቀሰ ሊገባው አይችልም።

ከዚያ ሁለቱ ሰዎች ይቅረቡ። ኼሲንክ ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በወጣትነቱ በግንባታ ሥራ የሠራ፣ ከጁዶ ጎን ለጎን በትግልም የተወዳደረ፣ በጃፓን ቴንሪ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሰ የሠለጠነ ሰው ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከቁመቱ ይበልጥ ሊሰመርበት ይገባል፤ ብዙ ጽሑፎች እንደ ግዙፍ ፈረንጅ ብቻ ስለሚያቀርቡት ድሉ የሰውነት ድል ብቻ ይመስላል፤ ሰውየው ግን የጃፓንን ጁዶ ከጃፓናውያን ዘንድ ሄዶ የተማረ ነበር። የፍጻሜ ተጋጣሚው ጃፓናዊው ካሚናጋ ደግሞ በፓሪስ በኼሲንክ የተሸነፈ፣ በዚያኑ ቀንም በመጀመሪያው ዙር እንደገና የተሸነፈና በማካካሻው መንገድ ለፍጻሜ የደረሰ ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ፍጻሜው የገባው ምን እንደሚጠብቀው እያወቀ ነው። በእኔ አስተያየት ስለዚህ ግጥሚያ የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ ለካሚናጋ ቢያንስ አንድ ሙሉ አንቀጽ ካልሰጠ ኼሲንክንም አላከበረም።

ግጥሚያው 9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ወስዷል። የዛሬው መደበኛ ጊዜ 4 ደቂቃ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ዛሬ ላይ ሆኖ ቪዲዮውን የሚያይ ሰው ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ልብስ ለልብስ ተያይዘው መዞራቸው አሰልቺ ሊመስለው ይችላል፤ በጊዜው ግን ትዕግሥት የስልቱ አካል ነበር። በመጨረሻ ካሚናጋ ለመጣል ያደረገው ሙከራ ሲከሽፍ ኼሲንክ ይዞት ወደ መሬት ወረደና ኬሳ-ጋታሜ በሚባለው አያያዝ አጠመደው። የቴክኒኩን ስም በጃፓንኛው መተው ትክክል ነው፤ በዓለም ሁሉ የሚጠራው በዚያ ስለሆነ "የሻርፕ አያያዝ" እያሉ መተርጎም አያስፈልግም። ምን እንደሚመስል ግን መግለጽ ግዴታ ነው፦ የተያዘው ሰው በጀርባው ተኝቷል፤ ያዡ ከጎኑ ተቀምጦ አንድ ክንዱን በአንገቱ ዙሪያ ያሳልፋል፣ በሌላው የተኛውን ሰው ክንድ ብብቱ ሥር ይቆልፋል፣ የራሱንም ክብደት ነጠላ ከትከሻ ወደ ጎን በሰያፍ እንደሚጣለው ሁሉ በተኛው ሰው ደረት ላይ ያሳርፋል። በዚያ ዘመን ሙሉ ነጥብ፣ ማለትም ኢፖን፣ ለማግኘት ተቃራኒን 30 ሰከንድ በዚህ ሁኔታ መያዝ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ 20 ሰከንድ ይበቃል። ልዩነቱ አሥር ሰከንድ ብቻ ቢመስልም፣ ለተያዘው ሰው ግን እጅግ ረጅም ነው። ካሚናጋም ሊያመልጥ አልቻለም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ድሉን ከድል በላይ አደረገው። የኔዘርላንድስ ደጋፊዎች በደስታ ወደ ታታሚው ሲሮጡ ኼሲንክ ገና ከተጋጣሚው ላይ ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ እንዳይገቡ ከለከላቸው። የጁዶ ሥርዓት ተፋላሚዎቹ ተነሥተው፣ ልብሳቸውን አስተካክለው፣ እጅ ነሥተው እስኪለያዩ ድረስ ግጥሚያው አላለቀም ይላል፤ እሱም ያንን አስጠበቀ። ይህን ሥዕል የሚጽፍ ሰው ቅጽል መደርደር አያስፈልገውም። "ታላቅ"፣ "ጨዋ"፣ "ትሑት" የሚሉትን ቃላት ሁሉ አውጥቶ እጁን ዘረጋ ብሎ መተው ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የድሮ ግጥሚያ ስንተርክ የዛሬን የነጥብ ስሞች ወደ ኋላ መውሰድ የለብንም። በ1964 የነበሩት ነጥቦች ኢፖንና ከእሱ ዝቅ ያለው ዋዛ-አሪ ናቸው፤ ዩኮና ኮካ የሚባሉት አነስተኛ ነጥቦች የመጡት በ1970ዎቹ ነው፣ ኮካም በኋላ ተሰርዟል። ስለ 1964 በተጻፈ ጽሑፍ ላይ "በዩኮ አሸነፈ" የሚል ካነበብን ጸሐፊው ቪዲዮውንም የጊዜውን ጋዜጣም አላየም ማለት ነው። የጊዜውን ጋዜጣ ለማየት ደግሞ ኔዘርላንድስ መሄድ አያሻም፤ ሄግ የሚገኘው የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዴልፈር በተባለ የኢንተርኔት መዝገብ ያሰባሰባቸው የቆዩ ጋዜጦች በነጻ ይነበባሉ። ሆላንድኛ የማያነብ ሰው በዚያ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን አንዱን አንድ ገጽ እንዲያነብለት ቢጠይቅ ብዙ አይከብድም።

ከውድድር በኋላ ያለው ሕይወት

ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ይደክማሉ። ኼሲንክ በ1965 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከ80 ኪሎ ግራም በላይ ለሁለተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ1967 የመጨረሻውን የአውሮፓ ድል ወስዶ ከውድድር ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል። የሞተው እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2010፣ ነሐሴ 21 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በተወለደበት በኡትሬክት ነው። እነዚህን ዓመቶች "ከዚያም በስፖርቱ ዘርፍ አገልግሏል" በሚል አንድ መስመር መዝጋት የሰውየውን ግማሽ ዕድሜ መጣል ነው።

በ1970ዎቹ በጃፓን በሬስሊንግ ትርኢት ላይ ተሰልፏል፤ ሩስካም በ1976 ከጃፓናዊው የሬስሊንግ ተፋላሚ ከአንቶኒዮ ኢኖኪ ጋር በዚያው በቡዶካን ገጥሟል። አንዳንድ ጸሐፊ ይህንን እንደ ውድቀት ስለሚቆጥረው ይሸፋፍነዋል። መሸፋፈን አያስፈልግም፤ በዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ወርቅ ለባለቤቱ ገንዘብ አያመጣም ነበር፣ የጃፓን የሬስሊንግ አዘጋጆች ደግሞ ለስሙ ይከፍሉ ነበር። ይህን ማለት ሰውየውን አያዋርደውም።

ሰማያዊው የጁዶ ልብስ ጉዳይ ግን ሰፋ ተደርጎ ሊጻፍ ይገባል፤ ምክንያቱም ዛሬ ጁዶ የሚያይ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የኼሲንክን ሐሳብ ያያል። በቀድሞው ሥርዓት ሁለቱም ተፋላሚዎች ነጭ ለብሰው የሚለዩት በቀበቶ ብቻ ነበር፤ መሬት ላይ ተጠላልፈው ሲንከባለሉ የትኛው እጅ የማን እንደሆነ ለዳኛውም ለተመልካቹም ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ኼሲንክ በ1986 አንዱ ተፋላሚ ሰማያዊ እንዲለብስ ሐሳብ አቀረበ። ጃፓናውያን ነጩ ልብስ የንጽሕና ምልክት ነው ብለው አጥብቀው ተቃወሙ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሐሳቡን የተቀበለው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1997 ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ፈራጅ ሆኖ "ወግ አጥባቂዎቹ ተሸነፉ" ማለት የለበትም። የሁለቱም ወገን ክርክር ምክንያት አለው፤ ሁለቱንም በየራሳቸው ቃና ማስቀመጥ ይበቃል።

በዚያው በ1997 ፌዴሬሽኑ ለኼሲንክ 10ኛ ዳን፣ ማለትም ከፍተኛውን የጁዶ ማዕረግ፣ ሰጠው። ይህንን የሚጽፍ ሰው ማዕረጉን ማን እንደሰጠ ሳይጠቅስ ማለፍ የለበትም። የጁዶ ምንጭ የሆነው ኮዶካን በታሪኩ 10ኛ ዳን የሰጠው ለ15 ሰዎች ብቻ ሲሆን ሁሉም ጃፓናውያን ናቸው፤ ኼሲንክ ከእነሱ ውስጥ የለም። "10ኛ ዳን ባለቤት" ብቻ ብሎ የሚተው ጽሑፍ ከጃፓን አንባቢ ተቃውሞ፣ ማዕረጉን ጨርሶ የሚዘልል ጽሑፍ ደግሞ ከኔዘርላንድስ አንባቢ ተቃውሞ ይገጥመዋል። ሰጪውን መጥቀስ ሁለቱንም ያስታርቃል።

የማይመቸው ጉዳይም አለ። ኼሲንክ ከ1987 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ነበር። ከሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሊምፒክ አስተናጋጅነት ምርጫ ጋር የተያያዘው የጉቦ ቅሌት በተመረመረ ጊዜ ኮሚቴው በ1999 አንዳንድ አባላትን ሲያባርር እሱን ግን በማስጠንቀቂያ አልፎታል። ይህን መጻፍ ያስፈልጋል፤ አጻጻፉ ግን የውሳኔውን ልክ መጠበቅ አለበት። የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ከሆነ "ማስጠንቀቂያ ተሰጠው" ይባላል፤ "በጉቦ ተዘፈቀ" ማለት ከውሳኔው ያልፋል፣ ዝም ማለት ደግሞ ከውሳኔው ይጎድላል።

ሻምፒዮኑ በሕይወት ካለ

በሕይወት ስላለ ሰው ሲጻፍ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። መጀመሪያ፣ አንድ አስቂኝ አጋጣሚ የሰውየውን ወይም የሴትዮዋን የሥራ ዘመን እንዳይውጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። ኤዲት ቦስ በ2005 ካይሮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፣ በ2004 የብር፣ በ2008ና በ2012 የነሐስ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አግኝታለች፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሳት ግን በለንደን የ100 ሜትር ፍጻሜ ሊጀመር ሲል ጠርሙስ የወረወረውን ተመልካች አጠገቡ ተቀምጣ ስለነበር በእጇ ስለመታችው ነው። እኔም ያን ዜና ሳነብ ስቄያለሁ። በሕይወት ታሪክ ውስጥ ግን ቦታው ከሦስቱ ሜዳሊያዎች በኋላ እንጂ በርዕሱ ላይ አይደለም።

ቃለ መጠይቅ የማድረግ ዕድል ያገኘ ጸሐፊ "ሲያሸንፉ ምን ተሰማዎት?" በሚል ጥያቄ ጊዜውን ማባከን የለበትም፤ መልሱ ለሁሉም ሻምፒዮን አንድ ነው። ይልቅ ስለ አያያዝ ይጠይቅ፦ ቀኝ እጅዎ የት ነበር? ተጋጣሚዎ የትኛውን እጅጌ ከለከለዎ? ከሚዛኑ በፊት ባለው ሳምንት ምን ይበሉ ነበር? የትኛው ጉልበትዎ፣ የትኛው ትከሻዎ ዛሬም ያምዎታል? ሃይዚንኻ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ድል ያገኘው በ1996፣ የመጨረሻውን በ2008 ነው፤ በእነዚህ 12 ዓመቶች ውስጥ አንድ ሰው የሚጥልበት መንገድ ሳይለወጥ አይቀርም። ምን እንደተለወጠ መጠየቅ ጁዶካውን እንዲናገር ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ሌላ ማንም ጠይቆት አያውቅ ይሆናል።

አንቱታ፣ ቃላትና የመጨረሻው መስመር

በአማርኛ ብቻ የሚገጥመን አንድ ችግር ደግሞ አለ። ኼሲንክን "አሸነፈ" እንበለው ወይስ "አሸነፉ"? በስፖርት ጽሑፋችን ተወዳዳሪን በአንተታ መጥራት የተለመደ ሲሆን፣ ባለ ሥልጣንን ግን በአንቱታ እንጠራለን። ስለዚህ ብዙ ጸሐፊዎች ሰውየውን እስከ 1967 "አሸነፈ" ሲሉ ቆይተው፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሲሆን በድንገት "አሉ፣ ተናገሩ" ይላሉ፤ አንዱ ሰው ለሁለት ይከፈላል። እኔ አንዱን መርጦ መጽናትን እመክራለሁ፣ ለተወዳዳሪም የሚስማማው አንተታ ነው። በቃለ መጠይቅ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ግን "እርስዎ" ማለት ይገባል፣ ጥያቄውም እንደዚያው ይታተማል።

የጁዶ ቃላትን በተመለከተ፣ ጁዶካ፣ ታታሚ፣ ኢፖን፣ ዳን የሚሉትን መጀመሪያ በሚመጡበት ቦታ በአንድ ሐረግ ገልጾ ከዚያ ወዲያ ያለ ማብራሪያ መጠቀም ይበቃል። "ትግል" የሚለውን ቃል ለጁዶ ባንጠቀም እመርጣለሁ፤ ኼሲንክ በትግልም የተወዳደረ ስለሆነ አንባቢው ይምታታበታል። "ግጥሚያ" እና "ፍልሚያ" ይሻላሉ።

የመጨረሻው መስመር ጸሐፊዎች በጣም የሚፈተኑበት ነው። "ስሙ በወርቅ ቀለም ተጽፎ ለዘላለም ይኖራል" የሚለው መዝጊያ ስለ ማንኛውም ሰው ሊባል ስለሚችል ስለ ማንም ምንም አይናገርም። በእሱ ፈንታ ከሰውየው ሕይወት ውጪ ሊገኝ የማይችል አንድ ተራ እውነት እንፈልግ። ለኼሲንክ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ ኡትሬክት ውስጥ በስሙ የተሰየመ መንገድ አለ፤ እሱም እስኪሞት ድረስ የኖረው በዚያው መንገድ ላይ ስለነበር ደብዳቤ በሚጽፍበት ጊዜ የላኪውን አድራሻ ሲሞላ ስሙን ሁለት ጊዜ ይጽፍ ነበር ማለት ነው።